የልጅ ትንፋሽ ለመቁጠር ዶክተር መሆን አያስፈልግም

አንዲት የሰፈራችን እናት ልጇን ይዛ ሐኪም ጋ ሄዳ «ሌሊት ትኩሳቱን ስለካው 38.8 ነበር፣ ሲነጋጋ 39 ገባ» ስትል «አንቺ ደሞ ዶክተር ሆንሽ እንዴ?» ተባለች። የት እንደሆነ ልተወው። ግን በጣም ነው ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ያቺ ሴት ልትመሰገን ነበር የሚገባት። እኔ እንደውም ወሎ ውስጥ ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ቴርሞሜትር ይኑረው፣ አለካኩንም ቁጭ ብሎ የሚያሳይ ሰው ይኑር ነው የምለው።

ግንባር በእጅ መዳሰስ እናቶቻችን ያሳደጉበት ነው፣ አልንቀውም፣ ግን ከምጣድ ዳር የተነሳ እጅና ውሃ ሲነካ የቆየ እጅ እኩል አይናገርም፣ ስንት ደረሰ መቼ ጨመረ የሚለውንም አይመልስም። ዲጂታሉን ብብቱ ስር አስገብቶ እስኪጮህ ክንዱን ያዝ ማድረግ ነው፣ 37.5 ከገባ ትኩሳት ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ህፃን ከሆነ ደግሞ «እስኪ ይደር» አይባልም፣ ወዲያው ይዞ መውጣት ነው፣ ከ35.5 በታች ቀዝቅዞ ከተገኘም እንደዛው። ከሚሴ፣ ቃሉ፣ ቆቦ አካባቢ ያላችሁ ትኩሳት ካያችሁ ወባን አስቡ፣ መሳሪያው ወባ ይሁን አይሁን አይለይም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ሄዶ ደም ማስመርመር ነው እንጂ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ሲጨመቅ ሁለት ሦስት ቀን መሄድ የለበትም።

ከሁሉም ግን ገንዘብ የማይጠይቀው ነገር ነው የሚቆጨኝ፣ ትንፋሽ መቁጠር። ደላንታና ኩታበር ብርድ ላይ ልጅ ሲያስል «ብርድ መቶት ነው» ይባልና ይሸፋፈናል፣ ኒሞኒያ (የሳንባ ምች) ይሁን አይሁን የሚጠቁመው ትንፋሹ ግን ከጋቢው ስር ተደብቆ ይቀራል። ልጁ ረጋ ሲል ወይ ሲተኛ (እያለቀሰ ወይ እየጠባ አይሆንም) ልብሱን ገለጥ አርጉና ሆዱን እዩ፣ ተነስቶ ሲወርድ አንድ በሉ፣ በስልክ ታይመር አንድ ደቂቃ ሙሉ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፣ የህፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል። ሁለት ወር ካልሞላው 60፣ ከዛ እስከ ዓመቱ 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ደግሞ 40 ከደረሰ ወይ ካለፈ ፈጣን ነው፣ ለጤና ባለሙያ መታየት አለበት። አየር ሲያስገባ ከጎድኑ በታች ያለው ወደ ውስጥ ስርጉድ የሚል ከሆነ ደግሞ ቆጠራውንም ተዉት፣ በቃ ሂዱ።

በልግ በቀረበት ዓመት ልጅ በምግብ እጥረት መጎዳቱን የምታሳየው የክንድ መለኪያ ቴፕ ከቴርሞሜትርም ትበልጣለች። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ነች፣ በግራ ክንዱ ትከሻና ክርን መሀል ላይ ትጠመጠማለች፣ ከ12.5 ሴንቲሜትር በታች ቢጫ (መካከለኛ ጉዳት)፣ ከ11.5 በታች ቀይ (ከባድ ጉዳት)። ፊደል ያልቆጠረች እናት ቀለሙን ታነባለች፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት እስክትዞር መጠበቅ የለባትም። ሁለቱንም እግሩን በአውራ ጣት ጫን አርጋ ስትለቅ ጎድጉዶ ከቀረ እብጠት ነው፣ ክንዱ ወፍራም ቢመስልም ይወሰድ።

ጣት ላይ የምትሰካዋ የደም ኦክስጅን መለኪያ፣ ኦክሲሜትር፣ ግን ለቤት ብዙም አታጓጓኝም። አብዛኛው ለአዋቂ ጣት የተሰራ ነው፣ ህፃን ላይ ቁጥሩ ይዋዥቃል፣ ደሴም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጤነኛ ልጅም ቆላ ካለው ዝቅ ሊል ይችላል። ያላችሁ ከ90 ፐርሰንት በታች ካያችሁ ግን በቀልድ አትለፉት።

«ወላጅ መለካት ከለመደ እቤቱ ማከም ይጀምራል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፣ ስጋታቸው ይገባኛል፣ ግን እኮ አሁንም እየታከመ ነው፣ ያውም በግምት፣ ከታላቁ የተረፈ አሞክሳሲሊን ለታናሹ ይሰጣል፣ እንጥል ይቆረጣል፣ የወተት ጥርስ ይነቀላል። ቁጥር ያየች እናት በጊዜ ትወጣለች ብዬ ነው የማምነው። በ2014 ጦርነት ጤና ተቋማቶቻችን ተዘርፈው ወድመው ሰው ቤቱ ከታመመ ልጁ ጋር ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚመስል ደግሞ ወሎ ያውቀዋል። አንድ ነገር ግን በጣም አደራ፣ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ልጁ ጡት እምቢ ካለ፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይ ፍዝዝ ብሎ አልነቃ ካለ መሳሪያውን አትመኑት፣ ይዛችሁ ሩጡ።

የክትባት ቀን እናቶች በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት ይመጣሉ፣ ወረፋ ይዘው ይቀመጣሉ። ያኔ አንድ ልጅ አስተኝቶ ትንፋሽ ሲቆጠር ለሁሉም ማሳየት ይቻላል፣ ቴፕ ካለም አንድ አንድ መስጠት። እናት ሰዓትና ቁጥር የጻፈችበትን ብጣሽ ወረቀት ይዛ ስትመጣም የጤና ባለሙያዎች እባካችሁ ተቀብላችሁ አንብቡት፣ ካርዱ ላይም ገልብጡት።