እርማት፦ «ለልማት ብቻ» የተባለ ጥቅል በራሱ ከሰርቨር አይቀርም

ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ቢሮዎች የምንሠራ ባለሙያዎች በምንወያይበት በዚህ ርዕስ ሥር፣ አንድን ጥቅል (ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ ኮድ) የኖድ ጄኤስ ፕሮጀክት የሚፈልጋቸው ጥቅሎች በሚዘረዘሩበት በፓኬጅ ጄሰን ፋይል ውስጥ «ዴቭ ዲፔንደንሲስ» (ፕሮግራሙን ለመሥራትና ለመሞከር ብቻ የሚያስፈልጉ ጥቅሎች) በሚለው ክፍል ካሰፈርነው ሰርቨር ላይ አይጫንም የሚል አስተያየት ተደጋግሞ ተጽፏል። ለጸሐፊዎቹ ካለኝ አክብሮት ጋር፣ ይህ ትክክል አይደለም።

የጥቅል መጫኛው የኤንፒኤም ትእዛዝ የሆነው «ኤንፒኤም ኢንስቶል» በራሳችን ፕሮጀክት ውስጥ ሲታዘዝ ሁለቱንም ክፍሎች፣ ማለትም ለሥራ የሚያስፈልጉት የሚመዘገቡበትን «ዲፔንደንሲስ»ንም «ዴቭ ዲፔንደንሲስ»ንም፣ ይጭናል፤ ጥቅሎቹን በመቆለፊያ ፋይሉ መሠረት ከባዶ የሚጭነው «ኤንፒኤም ሲአይ»ም እንዲሁ። የልማት ጥቅሎቹ እንዲቀሩ «ኦሚት» የተባለውን አማራጭ «ዴቭ» ብለን መስጠት፣ ወይም «ኖድ ኢኤንቪ» የተባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ (ፕሮግራሞች ከሲስተሙ የሚያነቡትን ቅንብር) «ፕሮዳክሽን» ብለን መሙላት አለብን። ስሕተቱ የመነጨው፣ እንደሚመስለኝ፣ ከአንድ እውነት ነው፦ ሌሎች ያሳተሙትን ላይብረሪ ስንጭን የእነርሱ የልማት ጥቅሎች አብረው አይመጡም።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። የመሞከሪያ መሣሪያዎች ያለ ሥራቸው ሰርቨር ላይ ተቀምጠው የኮንቴይነሩን ኢሜጅ (አፕሊኬሽኑ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ታሽጎ ወደ ሰርቨር የሚላክበትን ፋይል) ያገዝፋሉ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የጥቅሎቹ በሁለት ክፍል መከፈል ተፈትኖ ስለማያውቅ፣ አንድ ቀን አማራጩ ሲጨመር፣ በስሕተት ከልማት ጥቅሎች ጋር የተመዘገበ አስፈላጊ ጥቅል ይታጣና አፕሊኬሽኑ ሳይነሳ መቅረቱ ነው።

ለማረጋገጥ ኮዱን በአዲስ ማህደር ያውርዱ፤ «ኤንፒኤም ሲአይ»ን ከ«ኦሚት ዴቭ» ጋር ያዝዙና አፕሊኬሽኑን ያስነሡ። ኮዱ ከመሥራቱ በፊት ወደ ጃቫስክሪፕት በሚቀየረው በታይፕስክሪፕት ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ግን አስቀድመው ሁሉንም ጥቅሎች ጭነው ይገንቡ (ይቀይሩ)፤ ከዚያም በ«ኤንፒኤም ፕሩን» በዚያው አማራጭ የልማት ጥቅሎቹን ያስወግዱ።