ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ነጭ ለባሽ፣ ለአፍ ፈንገሱ ለካንዲዳ አልቢካንስ

ጉዳዩ፦ ከአፌ እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤ ለጉሮሮዬ የታዘዘልኝን ፀረ ባክቴሪያ ውጬ በጨረስኩ ማግስት ምላሴ ላይ እርጎ የመሰለ ምንጣፍ ዘርግተው አገኘሁዎት። ጎረቤቶችዎ ባክቴሪያዎች ሲያልቁ ለቅሶ ይደርሳሉ ብዬ ነበር፤ እርስዎ ግን ግቢያቸውን አጥረው ጠበቁኝ።

የእርሾ ወገን ነዎት ይላሉ። እኛ ቤት እርሾ ሊጥ ያቦካል፤ እርስዎ በዕድሜዎ አንድ እንጀራ ዓይን እንዲያወጣ ረድተው ያውቃሉ? ስምዎ ግን ያምርብዎታል። ካንዲዳ የጥንት ሮማ ሹመት ፈላጊዎች የሚለብሱት ነጭ ካባ ይጠራበት የነበረ ቃል ነው።

ሹመቱስ ቢሆን መች ጠፋ! ራሳቸው ላባቸውን ጠብ ሳያደርጉ ሌሎች ጂኖችን የሚያዝዙ ስንት ሹማምንት ጂኖች አሉዎት። ጨው ሲበዛብዎት ሆግ 1 የተባለው ሹም ይደርሳል። ነጭ የደም ሕዋስ ውጦ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ሲረጭብዎት ካፕ 1 ማርከሻውን ያስመጣል። 37 ዲግሪ ሙቀትና ደም ሲሸትዎት ደግሞ ክር እንዳያወጡ ከልካዩ ኤንአርጂ 1 ከወንበሩ ይነሳል፣ ኤፍግ 1 ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ድቡልቡሉ ሰውዬ ክር ሆነው ይረዝሙና የዋጠዎትን ሕዋስ ከውስጥ ቀደው ይወጣሉ። እስስት እንኳ ቀለሟን ብትለውጥ የሰው ግድግዳ አታፈርስም!

ታዲያ ጀግንነቱ የማን እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1997 ታይቷል። ተመራማሪዎች ኤፍግ 1ንና ባልደረባውን ሹም ሲፒኤች 1ን ቢነጥቁዎት ክር ማውጣት ተስኖዎት አይጥ መግደል አቃተዎት። አይጥ!

ስለ ፀረ ፈንገሱ መድኃኒት ስለ ፍሉኮናዞልም ላንሳ። ታክ 1 የተባለው ሹም በጂን ለውጥ ዕረፍት አልባ ሆኖ የተበላሸባቸው ዘመዶችዎ መድኃኒቱን በፓምፕ እየቀዱ ወደ ውጭ ይደፉታል። በእኛ ሰፈር አንድ ነገር ተበላሸ ሲባል ፓምፑ ይቆማል፤ በእናንተ ሰፈር ሹሙ ሲበላሽ ፓምፑ ቀን ከሌት ይሠራል። ቅናት ብዬ ባልፈው ይሻላል።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ከዘረዘራቸው 19 የፈንገስ ዓይነቶች መካከል እጅግ አስጊ ካላቸው ከአራቱ ተርታ አስቀምጦዎታል። እንኳን ደስ አለዎት። ሹመቱ የተሰጠዎት ግን የጽኑ ሕሙማንን ደም እየገቡ ሰው ስለሚጨርሱ ነውና፣ የእኔን ምላስ ከሥራ ልምድዎ ውስጥ እንዳይጽፉት አደራ።

ከሰላምታ ጋር
የምላሱ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለኤንአርጂ 1 (ከወንበርዎ እንዳይነሱ)
ለኤፍግ 1 (ዓመት ፈቃድዎን እንዲወስዱ)
ለሐኪሜ (እንዲያውቁት)