እርማት፦ የኤ ፕላስ ሰርተፍኬት የዕድሜ ልክ አይደለም

ያለ ዲግሪ ወደ አይቲ ሥራ ለመግባት ለሚያስቡ ወገኖች፣ ኮምፕቲያ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ስለሚሰጠው ኤ ፕላስ (የኮምፒውተር ጥገናና ድጋፍ የመግቢያ ደረጃ ሰርተፍኬት)፣ "የኮምፕቲያን ኤ ፕላስ አንድ ጊዜ ካለፋችሁ ሰርተፍኬቱ የዕድሜ ልክ ስለሆነ አሁኑኑ ያዙት፤ ሥራውን ቀስ ብላችሁ ትደርሱበታላችሁ" የሚል ምክር በተደጋጋሚ ሲሰጥ አያለሁ። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ መሆኑን ባልጠራጠርም ትክክል አይደለም።

የማያልቅበት ሰርተፍኬት ያላቸው እ.ኤ.አ. ከ2011 በፊት ያለፉት ብቻ ናቸው፤ ወሬውም ከእነርሱ የመጣ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ የተሰጡት ኤ ፕላስ፣ ኔትወርክ ፕላስ (የኮምፒውተር መረብ) እና ሴኩሪቲ ፕላስ (የኮምፒውተር ደህንነት) ሰርተፍኬቶች የሚያገለግሉት ለ3 ዓመት ነው።

ስህተቱ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ቀኑ ካለፈ በኋላ ማደስ ስለማይቻል፣ ባለቤቱ ኮር 1 እና ኮር 2 የተባሉትን ሁለቱንም የኤ ፕላስ ፈተናዎች፣ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ እየከፈለ፣ በወቅቱ ባለው አዲስ ይዘት እንደገና ይቀመጣል። አሜሪካ ገብቶ በፈረቃ ሥራ መካከል እያጠና ላለፈ ሰው ይህ እጅግ ያሳዝናል።

ቀኑ ሳያልፍ ግን ሴኩሪቲ ፕላስን ያለፈ ሰው ኤ ፕላሱም አብሮ ይታደስለታል፤ ስለዚህ የሴኩሪቲ ፕላስን ፈተና በ3 ዓመቱ ውስጥ ለመውሰድ ማቀድ፣ የሥራ ማመልከቻውንም ሳያዘገዩ መጀመር ይበጃል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው በኮምፕቲያ ድረ ገጽ ወደ ራሱ አካውንት ሲገባ የሰርተፍኬቱን ማብቂያ ቀን ያገኛል፤ ቀጣሪም በሰርተፍኬቱ ላይ ባለው የማረጋገጫ ኮድ ትክክለኛነቱን ማጣራት ይችላል።