ቃሉን ያነሳ ምስክር

የክርክሩ ጭብጥ፦ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ በሳቫና ከተማ በ1989 ፖሊሱን ማርክ ማክፌልን ገድሏል ተብሎ በ2011 በመርፌ የተገደለው ትሮይ ዴቪስ ጥፋተኝነቱ በትክክል ተረጋግጦ ነበር? (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የሕግ መምህርቷ፦ አልተረጋገጠም። የተተኮሰበት ሽጉጥ አልተገኘም። ያስፈረደበት የሰው ምስክር ነው፤ ፖሊስ ካልሆኑት 9 የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች 7ቱ ኋላ ቃላቸውን አንስተዋል ወይም ለውጠዋል። አንዱ ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ «ግብረ አበር ነህ ብለው ስላስፈራሩኝ መስማት የፈለጉትን ነገርኳቸው» ብሏል።

ጡረታ የወጡት ዐቃቤ ሕግ፦ ልጄ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ችሎት ላይ ነው። ፍርድ ካለፈ በኋላ «ቃሌን አንስቻለሁ» የሚል ምስክር ዘመድ ለምኖት ወይም ፈርቶ ነው። በመሐላ አንዴ የዋሸ አፍ ደግሞ አይታመንም። «7ቱ» የምትያቸውንም በ2010 የፌዴራል ዳኛው ዊልያም ሙር አንድ በአንድ መርምረዋል፤ ዋናውን ነገር ያልለወጡም ነበሩባቸው። አንዷ የዓይን ምስክር እዚያው ከችሎቱ በር ውጭ ተቀምጣ ስትጠብቅ የዴቪስ ጠበቆች ሳይጠሯት ቀሩ። ለምን? መስቀለኛ ጥያቄ ፈርተው ነዋ!

መምህርቷ፦ «ልጄ» አይበሉኝ፤ እዚህ የቆምኩት በሙያዬ ነው። «አንዴ የዋሸ አፍ አይታመንም» ያሉትን ደግመው ያንብቡት። በ1991 ዴቪስን ያስፈረደበት እኮ ያው አፍ ነው! ሲያስፈርድ ታምኖ፣ ሲጸጸት የማይታመንበት ምክንያት ምንድን ነው? ውሸታም ከሆነ የፊተኛው ቃሉም ይውደቅ። «ዴቪስ እስር ቤት ነግሮኛል» ብሎ የመሰከረው እስረኛ መዋሸቱን ዳኛ ሙር ራሳቸው ተቀብለዋል።

ዐቃቤ ሕጉ፦ ክሱ በዚያ እስረኛ ላይ አልቆመም። እኔ የጠየቅሁት በር ላይ ስለተቀመጠችው ሴት ነው፤ ዘለልሽው። ማክፌልንም አንዴ እንኳ በስሙ አልጠራሽውም። የ27 ዓመት ሰው፣ ቤት አልባ ምስኪን ሲደበደብ አይቶ ሊያድን ሮጦ የሞተ፣ ሁለት ሕፃናት ጥሎ የሄደ። ለሱስ ማን ይከራከርለት?

መምህርቷ፦ ይህ ነገር ያመኛል። ገዳዩ ሌላ ከሆነ እኮ የማክፌልም ደም ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ! የ2010ሩን ችሎትም እንደ መጨረሻ ቃል አያምጡት። እዚያ የማስረዳት ሸክሙ በዴቪስ ጫንቃ ላይ ነበር፤ ንጹሕነትህን ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ አሳይ ተባለ። እንዲያም ሆኖ ዳኛው አዲሱ ማስረጃ ጥቂት ጥርጣሬ እንደሚጨምር ጽፈዋል። ጥቂትም ቢሆን ጥርጣሬ እያለ ሰው ይገደላል?

ዐቃቤ ሕጉ፦ አሁን ክርክሩን ወደ ሞት ቅጣት ወሰድሽው። የተጠየቅነው ስለ ጥፋተኝነቱ ነው። ከሕዝቡ ተመርጠው የሚፈርዱት 12ቱ የጁሪ አባላት ምስክሮቹን ፊት ለፊት አይተው ፈረዱ። አንቺና እኔ ያየነው ወረቀት ነው።

መምህርቷ፦ ከነዚያ የጁሪ አባላት ውስጥ ኋላ ጥርጣሬ ገብቶናል ብለው የፈረሙ አሉ። ዴቪስም ሊሞት አልጋው ላይ ታስሮ ለማክፌል ቤተሰብ «መሣሪያ አልነበረኝም» አለ። እስቲ ይንገሩኝ፤ ነገ እውነተኛው ገዳይ «እኔ ነኝ» ብሎ ቢመጣ ይህን ሰው ከየት እንመልሰዋለን?

ዐቃቤ ሕጉ፦ የሴትዮዋን ነገር አሁንም አልመለስሽልኝም።