ተደራራቢ ዓመታት አይወዳደሩም
አንድ ጸሐፊ በአሜሪካ የአንድ ገጠራማ ካውንቲ (ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር አካባቢ) የቤተሰብ ሚዲያን ገቢ፣ ማለትም ቤተሰቦች በገቢያቸው ቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚገኘው ገቢ፣ በየዓመቱ ማደጉን ለማሳየት ያቀረቡት ግራፍ መነሻው ላይ ከባድ ችግር አለበት። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በማኅበረሰብ ጥናቱ (ቤቶችን በናሙና እየመረጠ በየዓመቱ በሚያካሂደው መጠይቅ) የአንድ ዓመት ግምት የሚያወጣው በመደበኛነት 65,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው አካባቢዎች ስለሆነ፣ ለትንንሾቹ ካውንቲዎች የሚቀርበው ከአምስት ዓመት የተጠራቀመ ናሙና የሚሰላ ቁጥር ነው። ስለዚህ የ2015–2019 እና የ2016–2020 ግምቶች (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አራት ዓመታትን ይጋራሉ፤ ልዩነታቸውም በዋናነት የ2015 መረጃ ወጥቶ፣ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ የመረጃ አሰባሰቡን ያወከበት የ2020 መረጃ በመግባቱ የመጣ ነው። ይህን እንደ አንድ ዓመት ዕድገት ማንበብ አንባቢን ያሳስታል።

የ2010–2014ን ከ2015–2019 ጋር፣ ሁለቱንም ወደ አንድ ዓመት የዶላር ዋጋ ቀይሮ፣ የስህተት ህዳጋቸውንም (ግምቱ በናሙና ምክንያት ከእውነተኛው ቁጥር ሊርቅ የሚችልበትን መጠን) ጨምሮ ማወዳደር ይሻል ነበር። ቢሮው ህዳጉን በ90 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ አብሮ ያትማል፤ ጥቂት መቶ ቤቶች ብቻ በተጠየቁበት ካውንቲ ህዳጉ ከታየው ጭማሪ ሊበልጥ ስለሚችል፣ እርሱን መተው ቀላል ግድፈት አይደለም።

በየዓመቱ መከታተል ለሚፈልግ ደግሞ ያው ቢሮ የጥናቱን ውጤት ከግብር መዝገቦችና ከሌሎች የአስተዳደር መረጃዎች ጋር በሞዴል አጣምሮ ለሁሉም ካውንቲዎች የሚያወጣው የአነስተኛ አካባቢዎች የገቢና የድህነት ግምት አለ። ሆኖም ይህ ግምት ከ2005 ጀምሮ የተመሠረተበትን ጥናት ስለቀየረ፣ የ1990ዎቹን ቁጥሮች ከኋለኞቹ ጋር በአንድ መስመር መቀጠል አይገባም።