«ያላችሁ ይበቃችኋል» የሚለን ድምፅ ወዴት ሄደ?

የድሬዳዋ ወገኖቼ ሆይ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ የተነሣሁት በጆሯችሁ ስለምታስገቡት ነገር ነው። ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ ከመጋላ እስከ ለገሃሬ፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ሱቅ የሚጠብቀው፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ፖድካስት ይሰማል። መስማታችሁ ነውር የለበትም፤ ሁለት ሰዎች ሳይቸኩሉ፣ ማንም ሳያቋርጣቸው ሰዓት ሙሉ የሚያወጉበት መድረክ ማግኘታችን መልካም ነው። የምወቅሳችሁ ከዚያ ሁሉ ወግ መካከል «ይህን አትግዙ፣ ያላችሁ ይበቃችኋል» የሚል ድምፅ መጥፋቱን እያያችሁ ዝም በማለታችሁ፣ አልፎ አልፎ እንዲህ የሚል ሰው ብቅ ሲልም «ቋጣሪ» ብላችሁ በማሳፈራችሁ ነው።

የምንሰማውን እስኪ ልብ በሉት። እንግዳው ስለ ልጅነቱ ችግር፣ እናቱ ጉሊት ቸርችራ እንዴት እንዳሳደገችው ይናገራል፤ ድምፁ ይሰባበራል፤ እኛም አብረን ልባችን ይነካል። በዚህ መሀል አቅራቢው «ወደ ጨዋታችን ከመመለሳችን በፊት» ይልና በዚያው ለስላሳ ድምፅ ስለ አፓርታማ ቅድመ ክፍያ፣ ስለ አዲስ ሶፋ ወይም ስለ ሽቶ ይነግረናል። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሕጋችን ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። እዚህ ግን የሚያወጋን ሰውና የሚሸጥልን ሰው አንድ ናቸው። አስተዋዋቂዎች በዓለም ሁሉ በፖድካስት ላይ አቅራቢው ራሱ በአንደበቱ እንዲያነብላቸው የሚሹትም ስለዚሁ ነው፤ የሚገዙት የአየር ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን እኛ በአቅራቢው ላይ የጣልነውን እምነት ጭምር ነውና። እምነታችን በእኛ ላይ ሲሸጥ እያወቅን አለመቆጣታችን ይገርመኛል።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ፖድካስት በ2004 እ.ኤ.አ. ስሙን ሲያገኝ፣ በማግሥቱም ዓመት አፕል አይቱንስ በተባለው የሙዚቃ ፕሮግራሙ ውስጥ ቦታ ሲሰጠው፣ ማይክሮፎንና ኮምፒውተር ያለው ማንም ሰው ጣቢያ ሳይኖረው፣ ፈቃድም ሳይጠይቅ ድምፁን የሚያሰማበት ርካሽ መንገድ ነበር። ለሻጭ ሳይሆን ለተናጋሪ የተመቸ ነበር ማለት ይቻላል። ገንዘቡ ኋላ መጣ። በ2019 እ.ኤ.አ. ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያሰማው ስፖቲፋይ ጊምሌትና አንከር የተባሉትን የፖድካስት ኩባንያዎች ገዛ፤ ዩቲዩብ ደግሞ ከ2020 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ከስምንት ደቂቃ በሚበልጥ ቪዲዮ መሀል ማስታወቂያ እንዲገባ አደረገ። የእኛ ፖድካስቶች አብዛኛዎቹ የሚኖሩት ዩቲዩብ ላይ በመሆኑ ወጉ በረዘመ ቁጥር ማስታወቂያ የሚሰካበት ቀዳዳ ይበዛል። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ «አትሸምቱ» የሚል ሰው ለባለቤቱ ምን ይጠቅመዋል? አቅራቢው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም የማይጋብዘው፤ የስቱዲዮውን ኪራይና የካሜራ ባለሙያውን ደመወዝ የሚከፍልለት የሶፋው ነጋዴ ነው፣ ሶፋ አትለውጡ የሚል እንግዳ አምጥቶም እንጀራውን አይዘጋም። እኛ አድማጮቹ አምስት ሳንቲም ሳናወጣ በነጻ እንሰማለን፣ ከዚያም ለከፈለው ለምን አደረ ብለን እንገረማለን።

በውጭ አገር ሌላ መንገድ የሞከሩ አሉ። ዘ ሚኒማሊስትስ የሚባሉት አሜሪካውያን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፖድካስታቸው ማስታወቂያ ሳይቀበሉ፣ በአድማጭ መዋጮ እየተደገፉ ስለ ትንሽ ንብረት ይናገራሉ። እነርሱም ቢሆኑ መጽሐፍና የመድረክ ትኬት ይሸጣሉ፤ ደግሞም ምክራቸው ቤቱ በዕቃ ለሞላበት ሰው የተነገረ ስለሆነ እንዳለ ለእኛ አይስማማም። የእኛ ጣጣ ሌላ ነው፤ ቤታችን ሳይሞላ ምኞታችን ሞልቶ መፍሰሱ ነው።

በንግድ ላይ የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ። ይህች ከተማ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ በንግድ የተወለደች ናት፤ ታይዋን፣ አሸዋና ቀፊራ የሚባሉት ገበያዎቿ ባይኖሩ ስንቱ ቤት ጾሙን ያድር ነበር። የምናገረው ስለ ሸማቹ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል፤ ከጅቡቲ በኩል የሚገባው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሲንር የመምህሩና የነርሷ ደመወዝ ግን አብሮት አልተራመደም። በዚያው ላይ ብድር በኪሳችን ገብቷል፤ ቴሌብር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች ካመጣ ወዲህ ገንዘብ ለመበደር ባንክ ደጅ መጥናት ቀርቷል። ለታመመ ልጅ መድኃኒት ሲያስፈልግ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የሚያስመኘን፣ የሚያበድረንና የሚያስከፍለን ያው አንድ ስልክ ከሆነ ከምኞቱ እስከ ዕዳው ያለው መንገድ ሁለትና ሦስት ጣት መንካት ብቻ ሆነ ማለት ነው። ድሮ በመካከሉ የነበረው ማመንታት፣ እናትን ማማከር፣ ዕቁብ እስኪወጣ መጠበቅ አሁን የለም። ቢያንስ «ቆይ፣ አስብበት» የሚል ሰው በዚያው ስልክ ውስጥ ሊኖር ይገባ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የሰርጉ ነገር ነው። ሙሽሮች ፖድካስት ላይ ቀርበው ስለ ፍቅራቸው ይጠየቃሉ፤ ሳይቆይ ጥያቄው ወደ አዳራሹ፣ ወደ ዲኮሩ፣ ወደ ቬሎው፣ ወደ መኪናው አጀብ ይዞራል። የተሰማው ሁሉ በማግሥቱ መለኪያ ይሆናል። የባጃጅ ገቢ ያለው ልጅ «የእገሌን ያህል» ሲባል ወላጆቹ ይበደራሉ፣ እኅቱ ከዓረብ አገር የላከችው ገንዘብ ለአንድ ቀን መጋረጃና አበባ ይውላል፣ ጥንዶቹም ጎጆ ሲወጡ ፍራሽ ከመግዛታቸው በፊት ዕዳ ይቆጥራሉ። እናቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እያሉ አሳደጉን፤ እኛ ለሰርጋችን ወርቅ እንከራያለን። በጎረቤታችን በሐረር አፎቻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር ሰርጉንም ለቅሶውንም በጉልበትና በመዋጮ ይሸከማል፤ በእኛም ሰፈር ድንኳኑን፣ ድስቱንና ወንበሩን ዕድር ያቀርብ ነበር፣ ዛሬም የሚያቀርብበት ሰፈር አለ። በዚያ መንገድ ያለ ዕዳ የተጋቡ ጥንዶች እየኖሩ፣ ማይክ ይዞ «እንዴት አደረጋችሁት?» ብሎ የጠየቃቸው አልሰማሁም።

ማን ይጠየቅ ካላችሁ፣ ታይዋን በር ላይ የመስታወት ሣጥን ይዞ የተቀመጠውን የስልክ ጠጋኝ ጠይቁት። ደንበኛው «ይህ ስልክ አርጅቷል፣ ልለውጠው ነው» ሲለው ጀርባውን ይከፍታል፣ ያበጠውን ባትሪ በጥፍሩ ነካ ያደርግና «ስልክህ ደኅና ነው፣ ባትሪው ነው የሞተው» ይለዋል። አዲስ ከመግዛት የሚያድን ምክር በጥቂት ብር ሲሸጥ የሚውል ሰው ነው። ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ በእግር መኪናቸው የሚሰፉትን ልብስ ሰፊዎች ጠይቋቸው፤ የተበላ ኮሌታ ገልብጦ መስፋትን፣ የታላቅን ሱሪ ለታናሽ ማጥበብን ከእነርሱ የተሻለ ማን ያስረዳል? በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ልቃሚ የሚሰበስቡትንም ጠይቋቸው፤ የተበጠሰው የፕላስቲክ ጫማ፣ የተሰበረው ቻርጀር፣ ሁለት ጊዜ ያልታጠበው ሸሚዝ ከሱቅ ወጥቶ ወንዙ ላይ እስኪወድቅ ምን ያህል እንደቆየ እነርሱ ያውቃሉ። የፖድካስት እንግዳ ግን ሁልጊዜ «የተሳካለት» ሰው ነው፤ የመሳካቱም ማስረጃ መኪናውና ቤቱ ነው።

«ቋጣሪ» የሚለውን ስድብም ተዉት። ቋጣሪ ለእንግዳ የማይቆርስ፣ ለለቅሶ የማያዋጣ ሰው ነው። ያለውን ዕቃ ጠግኖ የሚጠቀም፣ ከዚያ የተረፈውን ለዘመድና ለጎረቤት የሚያካፍል ሰው የዚያ ተቃራኒ ነው። ይህን ሃይማኖታችን ሳያስተምረን ቀርቶ አይደለም። ሙስሊሙ ወገኔ ብሉ፣ ጠጡ፣ አታባክኑ የሚለውን ቃል ከቁርኣን ያውቃል፣ ኢስራፍ፣ ማለትም ማባከን፣ መጥፎ መሆኑንም በጁምዓ ኹጥባ ሲሰማ ኖሯል፤ ክርስቲያኑም «ያላችሁ ይብቃችሁ» የሚለውን ከዕብራውያን መልእክት ያነባል። ሆኖም ይህን ቃል የምንሰማው በሳምንት አንዴ ሲሆን ግዙ የሚለው ቃል ከማለዳ እስከ ማታ በጆሯችን ተሰክቷል።

እናንተ አቅራቢዎች፣ ስፖንሰር አትቀበሉ አልላችሁም፤ ቤት ኪራይ እንዳለባችሁ አውቃለሁ። ማስታወቂያውን ስታነቡ ግን «ይህ ማስታወቂያ ነው፣ ተከፍሎኝ ነው» በሉ፤ ራሳችሁ የማትጠቀሙበትን ዕቃ እንደ ወዳጅ ምክር አትንገሩን። ከዝግጅታችሁም መካከል ስፖንሰር የማይነካው ጊዜ ለይታችሁ ስልክ ጠጋኙን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ የዕድሩን ሰብሳቢ አስቀምጡበት። እናንተ አድማጮች ደግሞ ለዚያ ጊዜ ክፈሉ። ዕድር የሚያውቅ ሰው መዋጮ አያቅተውም፤ 500 ሰው በወር 20 ብር ቢያወጣ 10,000 ብር ይሆናል፤ ይህም በስልክ ለሚቀዳ ዝግጅት አቅራቢው የማንንም ሶፋ ሳያሞግስ ወሩን የሚያንቀሳቅስበት መነሻ ነው። በርጫ ላይ ተሰብስባችሁ ስትሰሙ በመካከላችሁ መዋጮውን የሚሰበስብ ሰው ዛሬውኑ ምረጡ።