ከሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምር ሳጥን
የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን «ሻይን ኦን» የተባለ የሲዲ ሳጥን ባየሁ ቁጥር ንዴቴ ይታደሳል። ሳጥኑ በ1992 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ባንዱ ከ1967 ጀምሮ 13 የስቱዲዮ አልበሞችን አሳትሞ ነበር፤ ሳጥኑ የያዘው ግን 7ቱን ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ፣ መሥራች አባሉ ሲድ ባሬት ከባንዱ ሳይለይ የተቀዳውና አብዛኞቹን ዘፈኖች እሱ የደረሰው የመጀመሪያው አልበም ጭራሽ አለመካተቱ ነው። የአንድን ባንድ ታሪክ ከሁለተኛው ምዕራፍ መጀመር ምን የሚሉት ነገር ነው? በ1970 በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ ለመጀመሪያ ጊዜ 1ኛ ደረጃን ያስገኘላቸው «አቶም ኸርት ማዘር» እንኳ የለም፤ በ1983 የወጣው «ዘ ፋይናል ከት»ም እንዲሁ። በአንጻሩ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹና ዘፈን ደራሲው ሮጀር ዋተርስ ከባንዱ ከወጣ በኋላ የተሠራው የ1987ቱ አልበም በክብር ተቀምጧል።

ይባስ ብሎ፣ በሳጥኑ ውስጥ የተጨመረው፣ 10 የጥንት ነጠላ ዘፈኖችን የያዘው ሲዲ ለብቻው ስላልተሸጠ፣ አልበሞቹን ቀድሞ የገዛ አድማጭ ለእሱ ሲል በእጁ ያለውን ሁሉ ዳግም መግዛት ነበረበት። ጥቋቁሮቹ የሲዲ መያዣዎች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ጠርዛቸው ላይ «ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» በተባለው አልበማቸው ሽፋን ላይ ያለው ፕሪዝም (ብርሃን በታኝ ባለሦስት ማዕዘን መስታወት) እንደሚታይ አልክድም፤ ያማረ ሥራ ነው። መጽሐፍም አለው፣ ፖስት ካርድም አለው (ለማን እንደምልከው እንጃ)። በፖስት ካርዶቹ ፈንታ የ1967ቱን አልበም ቢያስገቡልን ማን ይከፋው ነበር?